የሽልማት ሰሞን ፊልም አይቶ ለመፍረድ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተመልካቾች

በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት ለኦስካር የታጩ ፊልሞች መነጋገሪያ ሲሆኑ፣ በደሴ ቡና እየተጠጣ ከሚሰነዘረው ትችት ብዙው የሚመነጨው ፊልሙ ከታየበት ሁኔታ ነው። «ይደብራል» የተባለው ሥራ ሲጣራ መብራት በመሐል የሄደበት ወይም የትርጉም ጽሑፉ ከንግግሩ ኋላ የቀረ ሆኖ ይገኛል። ፍርድ ከመስጠት በፊት የእይታውን ጉድለት ከፊልሙ ድክመት መለየት ይገባል።

በቅድሚያ ሰዓቱን ማስላት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከታጩት አንዱ የነበረው «ዘ ብሩታሊስት» 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 15 ደቂቃው አዘጋጁ አስቦ ያስገባው ዕረፍት ነው። ይህን የማያውቅ ተመልካች ፊልሙ የተቋረጠ መስሎት ይነሣል። በዚያው ዓመት ሽልማቱ ከረመዳንም ከዐቢይ ጾምም ጋር ገጥሞ ነበር፤ እንደ ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚቀመጥበት ቤት እንዲህ ያለውን ረጅም ፊልም ከቀኑ 8 ሰዓት መጀመር ይበጃል፤ ከማፍጠሪያው ሰዓት በፊት ያልቃል፣ የኮምቦልቻ እንግዳም ሳይመሽበት የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል።

ከማን ጋር እንደሚታይም አስቀድሞ መወሰን ነው። በ2025 የምርጥ ፊልም ሽልማትን ጨምሮ 5 ኦስካር የወሰደው «አኖራ» ከወላጅ ጋር ሳሎን ተቀምጦ የሚታይ አይደለም። አባት ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እናት ወደ ጓዳ ስትነሣ፣ ታናሽ ወንድም ሪሞቱን ሲፈልግ የታየ ፊልም የሚተርፈው ስሙ ብቻ ነው፤ በእኔ አስተያየት ደግሞ የዚህ ፊልም ጥንካሬ ያለው ብዙዎች ሳይደርሱበት በሚያጠፉት የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ነው።

የትርጉም ጽሑፍ ችግር በአብዛኛው ይፈታል። በኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ማጫወቻ ለሚያይ ሰው፣ ጽሑፉ ከንግግሩ ከዘገየ «ጂ»፣ ከቀደመ «ኤች» የተባለውን ፊደል መጫን ነው፤ አንድ ጊዜ በተጫነ ቁጥር ጽሑፉ 50 ሚሊሰከንድ ስለሚንቀሳቀስ፣ የአንድ ሰከንድ ልዩነት በ20 ጊዜ ይስተካከላል። ሲጀምር ልክ ሆኖ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን ጽሑፉ በሌላ ፍጥነት ለሚሄድ ቅጂ የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል፣ ፊደል ከመጫን ሌላ ጽሑፍ መፈለግ ይሻላል። ከሲኒማ አዳራሽ በስልክ ተሰርቆ የተቀዳ፣ የሰው ጭንቅላት ጥላ የሚያልፍበት ቅጂ አይቶ ስለ ካሜራ ሥራ መናገር ግን ከቶ አይቻልም።

መብራት ከሄደ ደቂቃውን መዝግቦ፣ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ሄዶ መቀጠል ነው። በማግስቱ የሚቀጥል ከሆነ ከመጀመሪያው መጀመር ይሻላል።

አሸናፊው የሚታወቀው በእኛ አቆጣጠር እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ስለሆነ፣ ፍርዱ ከዚያ በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ካሸነፈ በኋላ «እኔም ብዬ ነበር» የማይል ሰው የለምና። ያላየውን ፊልም ማንም እንዳይመዝን ደንብ ማውጣትም ተገቢ ነው። የኦስካር አካዳሚ ራሱ ከ98ኛው ሽልማት ጀምሮ በመጨረሻው ዙር ድምፅ የሚሰጥ አባል በየዘርፉ የታጩትን ሁሉ እንዲያይ አስገድዷል፤ ዘግይቷል እንጂ መልካም አድርጓል።

አብረው ያዩት ሰዎች ድምፅ ከሰጡ፣ ቆጠራውም በአካዳሚው የምርጥ ፊልም አሠራር ሊካሄድ ይችላል። እያንዳንዱ ሰው ፊልሞቹን ከአንደኛ ጀምሮ በደረጃ ይጽፋል። ከግማሽ በላይ አንደኛ ያገኘ ከሌለ ዝቅተኛው ይወጣና ወረቀቶቹ ወደ ቀጣዩ ምርጫ ይዛወራሉ፤ ይህም አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ ይደጋገማል። በዚህ ስሌት ጥቂቶች የሚምሉበትና ሌሎች የሚጠሉት ፊልም፣ ጥቂቶች አንደኛ፣ ብዙዎች ደግሞ ሁለተኛ ባደረጉት ሊሸነፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃን በግድየለሽነት መሙላት አይገባም። ለዐሥር ሰው አቦል ላይ የተጀመረ ቆጠራ በረካ ሳይደርስ ያልቃል።