ዳገቱን ይቁጠሩ፦ ሸንተረርና ሸለቆ የሚፈራረቅበትን አገር በእግር እንዴት ማቋረጥ ይቻላል?

ሜዳ ላይ 14 ኪሎ ሜትር 14 ኪሎ ሜትር ነው። ሸንተረር እየወጣ ሸለቆ በሚወርድ መንገድ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግርዎትም። መነሻዎና መድረሻዎ እኩል ከፍታ ላይ ሆነው በመሃል እያንዳንዳቸው 300 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጡ 3 ሸንተረሮች ካሉ፣ የቀኑ ዳገት 900 ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱም ያንኑ ያህል። እንዲህ ባለ አገር መንገዱን የሚያከብደው ርዝመቱ ሳይሆን መውጣት መውረዱና ውሃው ያለበት ቦታ ነው።

1. ካርታውን ቤት ቁጭ ብለው ያንብቡት

የከፍታ መስመሮች፣ ማለትም ኮንቱር፣ የተሰመሩበት ካርታ ይያዙ። በስልክ የሚጠቀሙ ከሆነ ኔትወርክ ሳለ አስቀድመው ያውርዱት። ጂፒኤስ ምልክቱን የሚቀበለው ከሳተላይት ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ ካርታው ካልወረደ ግን ባዶ ገጽ ላይ የቆመች ነጥብ ብቻ ነው የሚያዩት።

መስመሮቹ ሲጠጋጉ መሬቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲራራቁ ለዘብ ይላል። ተከታታይ መስመሮች ሹል ሠርተው ሲታጠፉ ሹሉ የሚያመለክተው ወደ ከፍታው ከሆነ ሸለቆ፣ ወደ ዝቅታው ከሆነ ሸንተረር ነው።

ቀጥሎ የምለው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። ሸንተረር ይዘው ሽቅብ ሲወጡ ጎን ለጎን ያሉት ክንፎች ሁሉ ወደ አንድ አናት ይሰበሰባሉ፤ ስለዚህ መሳሳት ይከብዳል። ያንኑ ሸንተረር ቁልቁል ሲወርዱት ግን እየተከፈለ ይሄዳል፤ አንዱ ክንፍ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ። ጅረት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ታች ይገናኛል፣ ወደ ላይ ይበታተናል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጠዋት ያለ ምንም ችግር የወጣሁትን ሸንተረር ከሰዓት በኋላ ስወርደው ሌላ ክንፍ ይዤ፣ ከመንደሩ ማዶ ባለ ሸለቆ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። መንደሩ ይታየኛል፣ በመካከላችን ግን ገደል። ከዚያ ወዲህ ቁልቁል የሚወስዱ መጋጠሚያዎችን ከመነሳቴ በፊት ካርታው ላይ በእርሳስ እከባቸዋለሁ፤ ስወጣም እያንዳንዳቸው ጋ ዞር ብዬ ወደ ኋላ አያለሁ፣ ስመለስ የማየው ያንን መልክ ነውና።

2. ሰዓቱን ያስሉ

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ስሌት እስካሁን ይሠራበታል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። ከላይ ያነሳነውን መንገድ እንሞክረው። 14 ኪሎ ሜትሩ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ 900 ሜትር ዳገቱ ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ በድምሩ 4 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ይህ እንግዲህ ብርቱ ሰው ሳያርፍ ሲሄድ ነው። ለእረፍት፣ ለፎቶና ለጭነት ቢያንስ ሲሶውን ይጨምሩና ወደ 6 ሰዓት ገደማ ይያዙት። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ከሆነ እሱም ያዘገያል፤ ጉልበትን የሚጨርሰውም እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከአድማስ በታች ሳይሆን ከሸንተረሩ ጀርባ ነው፤ አናት ላይ ገና ብርሃን ሳለ ታች ሊጨላልም ይችላል። የቀኑ መጨረሻ ሸለቆ ውስጥ ከሆነ መድረሻዎን አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ያድርጉት።

3. ምንጮቹን ይወቁ

ሸንተረር ደረቅ ነው። የዘነበው ውሃ ውሃ በሚያሳልፍ አለት ውስጥ ሰርጎ ይወርድና እንደ ሸክላ ያለ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ተረተሩን የሚበሳበት ቦታ ላይ ምንጭ ይሆናል። በዚህ የተነሳ በአንድ ተረተር ያሉ ምንጮች ብዙውን ጊዜ በተቀራረበ ከፍታ ይደረደራሉ። አንዱን ካገኙ በዚያው ከፍታ ግራና ቀኝ ይመልከቱ፤ በደረቅ ተረተር ላይ ነጠል ብሎ የለመለመ ሣር ወይም ቄጤማ ካዩ ውሃው እዚያ ነው።

ካርታ ላይ ምንጭ ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ አይፈስም። የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ፤ ሲጠይቁ ግን «ምንጭ አለ?» አይበሉ፣ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። «በዚህ ሳምንት ውሃ ተቀድቶበታል?» ይበሉ። የሚተማመኑበት ምንጭ ካልሆነ በቀር እስከሚቀጥለው ውሃ የሚያደርስዎትን ይዘው ይውጡ። ለመካከለኛ ጉዞ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል የተለመደ ግምት ነው፤ ሙቀትና ዳገት ሲበረታ ከዚያ ይበልጣል።

ሲቀዱ ከምንጩ ዓይን፣ ከመሬት ከሚወጣበት ከራሱ ይቅዱ፤ ሁለት እርምጃ ዝቅ ሲል ከብት የረገጠው ይሆናል። ጥርት ማለቱ ግን አያታልልዎ። በተለይ በኖራ ድንጋይ አገር ውሃው በስንጥቅና በዋሻ ፈጥኖ ስለሚያልፍ በቅጡ አይጣራም፤ ከዝናብ በኋላ የሚደፈርስ ምንጭ ደግሞ የላይኛው ጎርፍ እንደሚገባበት ራሱ ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው ማፍላት ነው፦ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆኑ 3 ደቂቃ፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። የክሎሪን እንክብል ለብዙው ተህዋስ ይበቃል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ግን አይገድለውም። ድፍርስ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት። ሳሙና ይዘው ወደ ምንጩ አይጠጉ፤ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀው ይታጠቡ።

4. ሻንጣውን ያቅሉ፣ ጫማውን ይሰሩ

የዝናብ ልብስ፣ ሙቅ ልብስ፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፕላስተር፣ ስንቅ፣ ውሃ። ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል፤ ታች ያላበዎት ላብ አናት ላይ በነፋስ ሲመታ ብርድ ይሆናል። ስለዚህ አናት ሳይደርሱ፣ ገና ሳይበርድዎ፣ ይደርቡ። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገው ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ይያዙ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

አዲስ ጫማ ለብሰው አይነሱ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ማሰሪያውን ቁጭ ብለው ይሰሩ፤ ከቁልቁለት በፊት ደግሞ እንደገና ጠበቅ ያድርጉት፣ አለዚያ ጣትዎ ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ይውላል። እግርዎ መጋል ሲጀምር ወዲያው ቆመው ፕላስተር ይለጥፉ፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ዘግይተዋል።

5. ሸንተረሩ ላይ

ከሰዓት በኋላ ደመና የሚከማችበት ወቅት ከሆነ ማልደው ይነሱና እኩለ ቀን ሳይሞላ ከአናቱ ይውረዱ። መብረቅ ሲያዩ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ይቁጠሩ፤ ሰከንዱን ለ3 ሲያካፍሉት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፣ ሸንተረሩን ይልቀቁ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር ወይም ጥልቀት የሌለው ዋሻ አፍ ላይ አይጠለሉ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ አናቱ አይመለሱ።

6. ሸለቆው ውስጥ

እርስዎ ባሉበት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይኛው አገር ዘንቦ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ጅረቱ በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና እንጨት ሲያመጣ ወይም ድምፁ ሲለወጥ ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ከፍታ ይውጡ።

መሻገር ካለብዎ ጠባቡን ሳይሆን ሰፊውን ቦታ ይምረጡ፤ ጠባብ ሲሆን ጥልቅና ፈጣን ነው። የሻንጣውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ይፍቱ፣ ፊትዎን ወደ ሚመጣው ውሃ ያዙሩ፣ ከዘራዎን እንደ ሦስተኛ እግር ይትከሉ። ፈጣን ውሃ ከጉልበት በላይ ከሆነ አይሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ያጎድለዋል። ማደር ካለብዎም ከጅረቱ ዳር ሳይሆን ከፍ ያለ ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ ሸለቆው ወለል ላይ ያደረ ሰው ከሁሉ በላይ ይበርደዋል።

7. መንገዱ ሲጠፋዎት

ይቁሙ። በመጨረሻ በእርግጠኝነት ያወቁት ቦታ ካልራቀ በመጡበት ይመለሱ። «ጅረቱን ተከትዬ ልውረድ» የሚለው ሐሳብ ፈታኝ ነው፤ ጅረት ግን እርስዎ ሊወርዱት የማይችሉትን ገደል ዘሎ ይወርዳል።

መንቀሳቀስ ካልቻሉ በፊሽካ ወይም በባትሪ በደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ምልክት ይስጡ፣ አንድ ደቂቃ ያርፉ፣ ይድገሙት። በአልፕስና በብሪታንያ ተራሮች የተለመደው ይህ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ 3 ጊዜ ነው። ለ6ቱ የሚሰጠው መልስ በደቂቃ 3 ጊዜ ነው። መልሱን ከሰሙም በኋላ ማስተጋባት አቅጣጫ ስለሚያሳስት፣ አጠገብዎ እስኪደርሱ ምልክቱን አያቋርጡ።