ስኳት ላይ ተረከዛችሁ ከመሬት የሚነሳ ከሆነ

ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስትወርዱ ተረከዛችሁ ይነሳል? ደረታችሁስ ወደፊት ይደፋል? እንግዲያው ክብደት ከመጨመራችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሥራዬ መገናኛ ስለሆነ በየቀኑ ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ ታክሲ ውስጥ ረጅም ሰዓት እቀመጣለሁ፤ ማታ ወርጄ ደግሞ ቀጥታ ሰፈር ያለው ጂም ገብቼ ብረት ትከሻዬ ላይ እጭናለሁ። ሰውነቴ ተሳስሮ አልወርድ ሲለኝ ጥፋቱን ዳሌዬ ላይ ጥዬ ለወራት ዳሌዬን ሳፍታታ ከረምኩ። ምንም ለውጥ የለም። ለካ የተያዘው ቁርጭምጭሚቴ ነበር። ስለዚህ ከማፍታታት በፊት የቱ እንደተያዘ እወቁ።

ጫማ አውልቁና ግድግዳ ፊት ቁሙ። የእግራችሁን አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ያህል አርቁት። አሁን ተረከዛችሁን ሳታነሱ በጉልበታችሁ ግድግዳውን ንኩ። ካልደረሰ ቁርጭምጭሚታችሁ ተይዟል ማለት ነው። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ በተለይ ድሮ ኳስ ስትጫወቱ ወለም ያላችሁ እግር ካለ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሌላው መንገድ፣ ተረከዛችሁ ሥር ትንንሽ የክብደት ዲስክ (ባሩ ላይ የሚገባውን ክብ ብረት) አድርጋችሁ ያለ ክብደት ቁጢጥ በሉ። በአንዴ ጥሩ አድርጋችሁ ከወረዳችሁ ነገሩ ቁርጭምጭሚት ነው። ካልተለወጠ ዳሌን ጠርጥሩ።

ለቁርጭምጭሚት እዚያው ግድግዳ ጋ ሁኑና ጉልበታችሁን በትንሿ ጣት አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ ግፉ፣ ጫፍ ላይ ሁለት ሰከንድ ያዙ፣ ተመለሱ። በየእግሩ ከ10 እስከ 15 ጊዜ። ከስፖርት በኋላ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አለላችሁ። ጫፉ ላይ በእግራችሁ የፊተኛው ክፍል (በጣቶቻችሁ በኩል) ቁሙና ተረከዛችሁን ወደ ታች ልቀቁት፤ 30 ሰከንድ ጉልበት ቀጥ አድርጋችሁ፣ 30 ሰከንድ ጉልበት አጠፍ አድርጋችሁ። ባታችን ላይ ዋናዎቹ ጡንቻዎች ሁለት ናቸው፤ ከሥር ያለው በደንብ የሚሳበው ጉልበት ሲታጠፍ ነው፣ ስኳት ላይ የሚፈለገውም እሱ ነው። ብዙ ሰው ግን ይሄኛውን ይዘለዋል።

ዳሌ ከሆነ አንድ ጉልበት መሬት፣ ሌላው እግር ወደፊት። እዚህ ጋ ሁሉም የሚሳሳተው ወገቡን እየለመጠ ወደፊት መግፋቱ ነው፤ ያኔ የሚሳበው ጡንቻው አይደለም፣ ወገባችሁ ነው የሚጎዳው። መጀመሪያ የኋላው እግር በኩል ያለውን መቀመጫችሁን ጨምቁ፣ ከዚያ በጣም ትንሽ ወደፊት ሂዱ። ብሽሽታችሁ ላይ ሲሳብ ይሰማችኋል። 30 ሰከንድ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ።

ከሁሉም የምወደው ግን ቁጢጥ ነው። እናቶቻችን ምድጃ ሥር ቁጢጥ ብለው ሽንኩርት ሲያቁላሉ አይታችኋል፤ ተረከዛቸው መሬት፣ ጉልበታቸው ተከፍቶ፣ ወገባቸውም አያጉረመርምም። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሙሉና ደረታችሁ ላይ እቀፉት፤ እሱ 5 ኪሎ ነው፣ ወደ ኋላ እንዳትወድቁ ሚዛን ይጠብቅላችኋል። ቁጢጥ በሉ፣ በክርናችሁ ጉልበታችሁን ወደ ውጭ ግፉ፣ ተንፍሱ። በ30 ሰከንድ ጀምራችሁ እስከ ሁለት ደቂቃ አድርሱት።

ትከሻችሁ ታስሮ ባሩን መያዝ ከከበዳችሁ የመወልወያ እንጨት ሰፋ አድርጋችሁ ያዙና ከጭናችሁ ተነስታችሁ በራሳችሁ ላይ ወደ ኋላ አዙሩ። 10 ጊዜ ይበቃል።

ብረት ከማንሳታችሁ በፊት ረጅም መሳሳብ አትሥሩ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የተሳበ ጡንቻ ለጊዜው ጉልበቱ ይቀንሳል። በፊት እየተንቀሳቀሳችሁ አሟሙቁ፣ ይዞ መቆየቱን ለመጨረሻ አድርጉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት የምትሠሩ ከሆነ ማሟሟቂያውን ረዘም አድርጉ።

መሳብ ሌላ፣ መውጋት ሌላ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ ከወጋችሁ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ አቁሙና ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂዱ።

በየሁለት ሳምንቱ ግድግዳው ጋ ተመልሳችሁ ለኩ። የእኔ ቀኝ እግር ከ6 ሳንቲሜትር 9 ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቶበታል።