ጋንግና የተደራጀ ወንጀል ላይ ተመራማሪ መሆን ለምትፈልጉ

ብዙ ሰው ይሄ ሙያ ሲነሳ ቶሎ የሚታየው ሰፈር ገብቶ የጋንግ አባላትን ኢንተርቪው ማድረግ ነው፣ እሱ ግን ቆይቶ የሚመጣ ስራ ነው። መጀመሪያ ጥያቄ ይኑራችሁ። "ስለ ጋንግ ማጥናት እፈልጋለሁ" ማለት ገና ጥያቄ አይደለም። አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ቶርንቤሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1993 ያነሱትን እዩት፦ ጋንግ ድሮም የሚያጠፉ ልጆችን ነው የሚሰበስበው ወይስ ልጆቹ የሚብስባቸው ከገቡ በኋላ ነው? አሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ውስጥ እነዛኑ ወጣቶች እየተከታተሉ ሲያዩ አባል በሆኑበት ጊዜ ጥፋታቸው ይጨምራል፣ ሲወጡ ይቀንሳል። ጥያቄው እንደዚህ ጥርት ካለ ምን አይነት ዳታ እንደሚያስፈልጋችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ የግድ ክሪሚኖሎጂ (የወንጀል ጥናት) መሆን የለበትም፣ ከሶሾሎጂ ከህግ ከኢኮኖሚክስም የመጡ ሞልተዋል፣ ስታቲስቲክስን ግን እንዳትሸሹ።

ማንን እንደምታጠኑም ወስኑ። እ.ኤ.አ የ2000ው የፓሌርሞ ኮንቬንሽን (የተባበሩት መንግስታት የተደራጀ ወንጀል ስምምነት) የተደራጀ የወንጀል ቡድን የሚለው ሶስትና ከዛ በላይ ሰው ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ የቆየና ለጥቅም ብሎ ከባድ ወንጀል ለመስራት ተባብሮ የሚንቀሳቀስ ሲሆን ነው። የመንገድ ላይ ጋንግ ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ሁለቱን ቀላቅላችሁ ከቆጠራችሁ ውጤታችሁ ይበላሻል።

ለማስተርስ እኔ የምመክረው የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። የክስ ዝርዝር፣ የምስክር ቃል፣ አንዳንዴ የተጠለፈ ስልክ ንግግር ሳይቀር ታገኛላችሁ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሰራ ኔትወርኩን መሳል ይቻላል፣ ማንንም አደጋ ላይ አትጥሉም። ግን መዝገብ የሚያሳየው የተያዘውን ሰው ነው፣ ያውም በአቃቤ ህግ አይን፣ ኔትወርኩ መሀል ላይ የሚታየው ሰው ፖሊስ በደንብ የተከታተለው ስለሆነ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ይሄንን ፔፐራችሁ ላይ በግልፅ ጻፉት።

ኢንተርቪው ስትጀምሩ ደግሞ መጠበቅ የማትችሉትን ቃል አትግቡ፣ እባካችሁ ይሄን አቅልላችሁ አትዩት። አሜሪካ ያለው ቦስተን ኮሌጅ የሰሜን አየርላንድ ታጣቂ የነበሩ ሰዎችን ቃል በድምፅ ሲያስቀርፅ በህይወት እያላችሁ አይወጣም ተብለው ነበር፣ እ.ኤ.አ በ2011 ግን በእንግሊዝ በኩል ጥያቄ መጥቶ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቅጂው የተወሰነው ክፍል ተላልፎ ተሰጠ። ስለዚህ ስም ከመጀመሪያውም አትመዝግቡ፣ ገና ስላልተሰራ ወንጀል አትጠይቁ፣ ሊናገሩ ሲጀምሩም አስቁሟቸው፣ ድምፁን ወደ ፅሁፍ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ጥናታችሁን የሚፈቅደው የኢቲክስ (የስነምግባር) ኮሚቴ በፈቀደው መሰረት አጥፉት፣ የሀገሩ ህግ ለተመራማሪ ከለላ ይሰጥ አይሰጥ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የህግ ባለሙያ ጠይቁ።

ፒኤችዲ ላይ አድቫይዘር ስትመርጡ ከስሙ ይልቅ ፊልድ ወጥቶ የሚያውቅ መሆኑን እዩ፣ የድሮ ተማሪዎቹንም አግኝታችሁ ፊልድ ላይ ችግር ሲገጥማችሁ ስልክ ያነሳ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው።