ደረቅ የመላጫ ሳሙና አረፋ እምቢ ሲልዎት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ የገዛሁትን ደረቅ የመላጫ ሳሙና አንድ ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ ዘግቼበታለሁ። ብሩሹን አራስኩ፣ ሁለት ሦስቴ ላዩ ላይ አሽከረከርኩ፣ ፊቴን ቀባሁ። የወጣው ግን አረፋ አይባልም፤ ነጣ ያለ ውሃ ነው። ግማሽ ጉንጬን ሳልጨርስ ደረቀ። «ይሄ ሳሙና አይረባም» ብዬ ወደ ለመድኩት የጣሳ ፎም ተመለስኩ። ሳሙናው ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያውም አንድ ብቻ አይደለም።

ሰው ደረቅ ሳሙና ላይ የሚሳሳተው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ነው። ወይ የሚያነሳው ሳሙና ያንሳል፣ ወይ ውሃው ያለጊዜው ይመጣል። ስለዚህ እነዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

ሳሙና መሰሰት

ከሁሉም አንዱን ብቻ አርም ብባል ይሄን እመርጣለሁ። በቱቦ የሚመጣ ክሬም ሲሆን የጣት ጫፍ የምታህል ትበቃለች። ደረቅ ሳሙና ግን ውሃው ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም በማሽን ደጋግሞ የተዳመጠና የተጨመቀ ስለሆነ በዋዛ አይለቅም። አሥር ሰከንድ ያህል ሲያሽከረክሩ ብሩሹ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። ያታልላል። አብዛኛው አየርና ውሃ ነው።

ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያሽከርክሩ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዓት እያዩ ቢሆን ጥሩ ነው፤ 30 ሰከንድ ሲቆጥሩት ከሚያስቡት በላይ ይረዝማል። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይወጣል። እሱን አይመኑት፣ ይቀጥሉ። አረፋው ቀስ በቀስ እየደቀቀ ይሄድና የጥርስ ሳሙና የመሰለ ወፍራም ነገር ይሆናል። የብሩሹ ጸጉሮች እርስ በርስ ሲጣበቁ፣ ብሩሹን ሲዘቀዝቁትም ጠብ የሚል ነገር ሲጠፋ፣ ያኔ ሳሙና ጠግቧል ማለት ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ቶሎ ያልቅብኛል» የሚል ስጋት አለ። በየቀኑ ቢላጩበት እንኳ 100 ግራም ሳሙና ወራት ይቆያል። ላዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ እንዳይጠፋበት ብሎ ዳር ዳሩን ብቻ የሚነካ ሰውም አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ውሃውን ባንዴ መልቀቅ፣ ወይም ጨርሶ መከልከል

ብሩሹን ከውሃ አውጥተው እያንጠባጠበ ሳሙናው ላይ ካሳረፉት፣ ሳሙናው ብሩሹ ላይ ሳይወጣ ታጥቦ በዳር ይፈሳል። ሁለት ሦስቴ አራግፈው ይጀምሩ። እርጥብ ይሁን፣ ግን አያንጠባጥብ።

ይሄን የሰማ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ብሩሹን ጭምቅ ያደርገዋል፣ የወጣውን ወፍራም ነገር እንዳለ ፊቱ ላይ ይለስነዋል፣ ከዚያ ምላጩን ያነሳል። ወፍራም ስለሆነ ጥሩ አረፋ ይመስላል። አይደለም። ሲነኩት ይጣበቃል፣ ላዩ ደብዛዛ ነው፣ ጉንጭ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ምላጩም ይጎትታል። የጎደለው ውሃ ነው።

መጀመሪያ ሳሙና፣ ከዚያ ውሃ፣ እሱም በጠብታ። የብሩሹን ጫፍ ብቻ ውሃ ያስነኩና ፊትዎ ላይ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይምቱት። እንደገና ያስነኩ፣ እንደገና ይምቱ። ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አረፋው እንደ እርጎ ለስልሶ ማብረቅረቅ ሲጀምር ደርሷል። በሁለት ጣት መሀል ሲያሹት ማሟለጭ አለበት። ትልልቅ አረፋዎች ከታዩና ወደ አንገት መውረድ ከጀመረ ውሃው በዝቷል። አይድፉት፤ ብሩሹን ወደ ሳሙናው መልሰው ትንሽ ያንሱበት።

ልኩን ለማወቅ እኔን የጠቀመኝ አንድ ነገር አለ። በማይላጩበት ቀን መዳፍዎ ላይ አረፋ ይምቱ። ከዚያ ሆን ብለው ያበላሹት። ጠብታ ይጨምሩ፣ ይምቱ፣ በጣት ይሞክሩ፣ እንደገና ይጨምሩ፤ እስኪቀጥንና እስኪፈርስ ድረስ። የሚፈልጉት ከመፍረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ የነበረውን ነው። አብዛኛው ሰው እዚያ ሳይደርስ ብዙ ጠብታ ቀድሞ ያቆማል። እኔም ይሄን እስካደርግ ድረስ ጥሩ አረፋ አውቃለሁ ብዬ ነበር የማምነው።

ቧንቧውን ሳይጠረጥሩ ሳሙናውን መውቀስ

ሁሉንም አድርገው አሁንም እምቢ ካለ ውሃውን ይመርምሩ። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ከሳሙናው የቅባት አሲዶች ጋር ተያይዞ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። መታጠቢያው ዳር የሚጋገረው ግራጫ ነገር ይኸው ነው። ወደዚያ የሄደ ሳሙና አረፋ አይሆንም።

ለማረጋገጥ አንድ ቀን በዲስቲልድ ውሃ ይሞክሩ፤ ተንኖ የተጠራቀመ፣ ማዕድን የሌለው ውሃ ማለት ነው። ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። የታሸገ የማዕድን ውሃ ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ያንኑ ማዕድን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ቀላሉ መላ ሳሙናውን ጨመር አድርጎ ማንሳት ነው። ውሃውን አፍልቶ ማብረድም ከማዕድኑ ከፊሉን ይቀንሳል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው። መታጠቢያው ውሃ ላይ ቁንጥር ሲትሪክ አሲድ (ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ) የሚጨምሩም አሉ። ይሠራል፣ ግን ሲበዛ አሲዱ ሳሙናውን ራሱን ያፈርሰዋል። እኔ ሳሙና መጨመሩን እመርጣለሁ።

የብሩሹን ጠባይ አለማወቅ

የአሳማ ጸጉር ብሩሽ ውሃ ይጠጣል። ጥቂት ደቂቃ መነከር አለበት። አዲስ ሲሆን ደግሞ አረፋውን ራሱ ይውጠዋል፤ ብዙ ከተሠራበት በኋላ ነው ጫፉ እየተሰነጠቀ የሚለሰልሰው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይፍረዱበት። ባጀር ከሚባለው የዱር እንስሳ ጸጉር የተሠራው ቶሎ ይርሳል፣ ውሃም በብዛት ይይዛል፤ በደንብ ማራገፍ ነው። ሰው ሠራሹ መነከር አያስፈልገውም፤ ጸጉሩ ውሃ ስለማይጠጣ የያዘውን ሳሙናው ላይ ባንዴ ይለቅቀዋል። የፈላ ውሃ ለአንዳቸውም አይበጅም። ለብ ያለ ይበቃል።

አረፋው ሲበላሽ ሳሙናውንም ብሩሹንም ባንድ ቀን የሚቀይር ሰው የቱ ጥፋተኛ እንደነበር በጭራሽ አያውቅም። አንድ ሳሙናና አንድ ብሩሽ ይዘው ሁለት ሳምንት ይሰንብቱ።

የአረፋ ተራራ መፈለግ

የገላ ሳሙና አረፋው ብዙ ነው፣ ግን ቶሎ ይከስማል። ጠጣሩ የገላ ሳሙና በአብዛኛው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ) ይሠራል። የመላጫ ሳሙና ላይ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው የቅባት አሲድ ይበዛል፣ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድም ይገባበታል። አረፋው ጥቅጥቅ ብሎ ፊት ላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ያው ሳሙና ነው» ብለው የገላውን አይጠቀሙ፣ ጥሩውንም አረፋ በቁመቱ አይለኩት። ስስ ሆኖ የሚያሟልጭ አረፋ ፊትን ከሸፈነ ደመና ይሻላል።

የቀሩት ትንንሾቹ

ሳሙናው በጣም ደረቅና ጠንካራ ከሆነ፣ ገላዎን ሲታጠቡ ላዩ ላይ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ሲመለሱ ላዩ ለስልሶ ያገኙታል። ውሃውን ግን ጢምዎ ላይ ያፍስሱት እንጂ ሳሙናው ላይ እያለ አይጀምሩ። ለስላሳ ለሆኑት ሳሙናዎች ይሄ ትርፍ ሥራ ነው።

ጢሙ ደረቅ ከሆነ ከአረፋው ውሃ ይስባል፤ ታጥበው ሳያደርቁት ይቀቡ። ለሁለተኛ ዙር ሲዘጋጁ አረፋው ደረቅ ብሎ ካገኙት የብሩሹን ጫፍ አንዴ ውሃ ማስነካት ይበቃል፣ እንደ አዲስ መጀመር የለም።

ሲጨርሱ ብሩሹን የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይጠቡት። የሳሙናውን ክዳን ደግሞ ወዲያው አይግጠሙ፤ ላዩ እስኪደርቅ ክፍት ይደር።