ካሜራው ሚሞሪ ካርዱ ተቆልፏል ሲል ምን ማድረግ ይገባል?

በጎንደር በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ ወይም በጥር ሰርግ ሙሽሮቹ በግንቡ ፊት ቆመው ሳሉ፣ የካሜራው ስክሪን ካርዱ መቆለፉን ቢያሳይ ፎቶ አንሺው መደንገጡ አይቀርም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ካርዱን ኮምፒዩተር ላይ ሰክተው ፎርማት ለማድረግ፣ ማለትም በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ ለማዘጋጀት አይቸኩሉ። የተቆለፈ የሚመስል ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሎቹን በደህና ይዟል።

ኤስዲ የሚባለውን ሚሞሪ ካርድ ስሙ የተጻፈበትን ገጽ ወደ እርስዎ፣ የተቆረጠ ማዕዘኑን ወደ ላይና ወደ ቀኝ አድርገው ቢይዙት፣ በግራ ጠርዙ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ተንሸራታች ፕላስቲክ ያያሉ። ወደ ላይ ስትሆን ካርዱ ክፍት ነው፤ ወደ ታች ስትወርድ ይቆለፋል። ብዙዎች ልብ የማይሉት ግን ይህች ፕላስቲክ ከካርዱ ውስጣዊ ክፍል ጋር በምንም እንደማትገናኝ ነው። እርሷ ምልክት ብቻ ናት፤ ምልክቱን የሚያነበው በካሜራው የካርድ ማስገቢያ ውስጥ ያለ ትንሽ መዳሰሻ ሲሆን፣ በካርዱ ጎን ያለው ክፍተት ተሸፍኖ ካገኘው መጻፍ ይፈቅዳል፣ ባዶ ሆኖ ካገኘው ይከለክላል። ስለዚህ ጥፋቱ በካርዱ ብቻ ሳይሆን በካሜራውም ሊሆን ይችላል።

ካሜራውን አጥፍተው ካርዱን ያውጡና ፕላስቲኳን በጥፍርዎ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይግፏት። ያረጀች ከሆነች ልል ትሆናለች፤ ካርዱ ሲገባ የማስገቢያው ግድግዳ እየገፋ መልሶ ወደ ታች ያወርዳታል። በአንድ የከተራ ምሽት ካርዴን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ተቆልፎ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ጎኗን በአውራ ጣቴ ደግፌ ቀስ ብዬ ሳስገባው ግን ሥራውን ቀጠለ።

ፕላስቲኳ ጨርሶ ወልቃ ከጠፋች ክፍተቱ ባዶ ስለሚቀር ካሜራው ሁልጊዜ ተቆልፏል ይላል። በዚህ ጊዜ ስስ ፕላስተር በጠባቡ ቆርጠው ክፍተቱን ከፊት ወደ ኋላ አልፎ እንዲሸፍነው ያድርጉና በደንብ ይጫኑት። ፕላስተሩ በጀርባው ያሉትን ወርቃማ መስመሮች እንዳይነካ፣ ጫፉም እንዳይነሳ ይጠንቀቁ፤ ከተነሳ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራልና። ይህ ለዕለቱ ማለፊያ እንጂ ጥገና አይደለም፤ እንዲህ ባለ ካርድ የሰው ሰርግ ለማንሳት መነሣት አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ፕላስቲኳ ደህና ሆና ችግሩ ከቀጠለ ሌላ ካርድ ያስገቡ። እርሱም ተቆልፏል ከተባለ ጥፋቱ የካሜራው ማስገቢያ ነው። በበጋ የጎንደር አቧራ መዳሰሻውን ሊያግደው ስለሚችል፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍተው በሌንስ መንፊያ ያጽዱት፤ በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባል፣ መርፌም መዳሰሻውን ያጣምማል። በጥምቀት ጠዋት ጠበል የነካው ካሜራ ከሆነ ግን ባትሪውን አውጥተው በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ማይክሮ ኤስዲ የሚባለው ትንሹ ካርድ በራሱ መቆለፊያ የለውም፤ መቆለፊያው ያለው በአዳፕተሩ፣ ማለትም ትንሹ ካርድ ገብቶ እንደ ትልቁ በሚያገለግልበት ማቀፊያ ላይ ስለሆነ አዳፕተሩን መቀየር ብቻ ይበቃል። በሥዕል ላይ የሚታየው የቁልፍ ምልክትም ሌላ ነገር ነው፤ ያንን አንድ ሥዕል ከመሰረዝ ይጠብቀዋል እንጂ ካርዱን አይቆልፍም፣ ፎርማት ሲደረግም አያድነውም።

ሁሉም ተሞክሮ ካርዱ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም ከተባለ፣ ዕድሜው ስላለቀ ራሱን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሥዕሎቹን ሁለት ቦታ ገልብጠው፣ ጥቂቶቹን በሙሉ መጠን ከፍተው ያረጋግጡና ካርዱን ከሥራ ያስወጡት። ችግሩ የተፈታለት ካርድ ደግሞ ከተገለበጠ በኋላ በኮምፒዩተር ሳይሆን በዚያው በሚሠራበት ካሜራ ውስጥ ፎርማት ይደረግ።