መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ፦ የምንበላውን እንዴት እንፈትሽ?

ነሐሴ 2015 ባሕር ዳር ላይ ተኩስ ሲሰማ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ሲከፈት ያገኘነውን ገዛን፤ ያኔ ቀኑን ማን ያያል! እኔም ያበጠ የሳልሳ ቆርቆሮ ይዤ ገባሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ የጤና ተቆጣጣሪ ዞሮ እስኪያይልን መጠበቅ አይቻልም፣ ስለዚህ ሥራው የራሳችን ነው።

ከጣና ዓሣ እንጀምር፣ መንገድ ቢዘጋም እሱ አይጠፋምና። ቀረሶም ሆነ አምባዛ መጀመሪያ ስንጥቡን፣ ማለትም ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን መተንፈሻውን፣ ገልጣችሁ እዩ። ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከገረጣና ካዝለገለገ ተዉት። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ጎድጉዶ ከቀረ ቆይቷል ማለት ነው። የቀረሶ ዓይን የጠራና ወጣ ያለ ይሁን። ሻጩ "ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው" ይላችኋል፣ ይበል፣ እናንተ ስንጥቡን እዩ። እኔ በችግር ጊዜ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ዓሣ አልገዛም፣ ምኑን አይቼ?

መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ያዙ። ፍሪጅ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥጋ፣ ዓሣና ወተት አያስተማምንም።

በርበሬ ዱቄቱን ሳይሆን ዛላውን ግዙና አስፈጩ። ጎረቤት ተሰባስቦ ቢገዛ ደግሞ ይረክሳል። የሻገተውን ዛላ ለቅማችሁ ጣሉ፣ ምክንያቱም ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም አይጠፋም። ለውዝና በቆሎም ያው ነው። የሻገተ እንጀራን ጠርጎ መብላትም ይቅር፣ አውቃለሁ ጤፉ ስንት እንደገባ።

የቧንቧ ውሃ ከተቋረጠ የሐይቁን ውሃ እንዳለ አትጠጡ። በነጠላ አጥልሉትና አፍሉት፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ እኔ ግን 3 አደርገዋለሁ። ከሰል ከሌለ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩ፣ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ አለ፣ 30 ደቂቃም ጠብቁ።

ተቅማጥ ከገባ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡ፤ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይቆለል። እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ተቅማጥ ከሆነ ኮሌራ ሊሆን ይችላል፣ እያጠጣችሁ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ሳልሳውስ? ባለቤቴ "ከፍተን እናሽተው" አለች። ያበጠ ቆርቆሮ ግን አይከፈትም፣ ውስጡ ሊፈጠር የሚችለው መርዝ ሽታ ላይኖረው ይችላል። ልጆች እንዳያነሱት በፌስታል ጠቅልዬ ጣልኩት፣ ሽሮውም ያለ ሳልሳ ተሠራ።