እናትዎን ለሽንት ማምለጥ ቀዶ ሕክምና እንዴት ያዘጋጃሉ?

እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተወችው እግሯን አሟት መስሎኝ ነበር። ለካ ሽንቷ እያመለጣት፣ እንዲህ ሆኜ ቅጽሩን አልረግጥም ብላ ነው። ያኔ 68 ዓመቷ ነበር። ደብረ ማርቆስ ያሉ ዘመዶቻችን «በዚህ ዕድሜ ምን ቀዶ ሕክምና?» አሉን። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፤ በ70ዎቹ ያሉ ሴቶችም ተሠርተው ይሻላቸዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው አብሮ ያለው ሕመም ነው።

1. ዓይነቱን ይለዩ። ስትስል፣ ስትስቅ ወይም ዕቃ ስታነሣ የሚያመልጥ አለ። ድንገት አጣድፎ ሽንት ቤት ሳትደርስ የሚቀድማትም አለ። የሽንት ቧንቧውን ከሥር የሚደግፈው ቀዶ ሕክምና የሚረዳው የፊተኛውን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ከተሠራች በኋላም ጥድፊያው ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድማ ትወቅ።

እናቴ አፍራ ለሐኪሙ «ስስል ብቻ ነው» አለችው፤ እኔም ሳላጣራ አረጋገጥኩላት። ቤት ስንመለስ ፊደል ስለማትቆጥር ሁለት ጣሳ ሰጠኋት። በሳል ካመለጣት ሽምብራ፣ አጣድፎ ከቀደማት ባቄላ ትጥላለች። በሦስተኛው ቀን ባቄላው በልጦ ተገኘ። ሐኪሙም ቀዶ ሕክምናውን አቆይቶ ቡና እንድትቀንስ፣ በሰዓት እንድትሸና፣ ሽንት ለመያዝ የሚረዳውን የዳሌ ወለል ጡንቻዋን እያጠበቀች እንድትለቅ አዘዛት። ከወራት በኋላ የቀረው የሳሉ ብቻ ሲሆን ተሠራች።

ቀን ከሌት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ፌስቱላ (በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ይውሰዷት።

2. የስኳር ሕመም ካለባት ስኳሩን ያስተካክሉ። ከፍ ያለ ስኳር ሽንት ያበዛል፣ ቁስል ያዘገያል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። እናቴ በሁዳዴ የጠዋት የስኳር ኪኒኗን ስትዘል እያየሁ ዝም አልኩ፤ በዚህ ምክንያት ቀጠሮዋ ተራዘመ። እርስዎ ዝም አይበሉ፤ ከሐኪሙም ከነፍስ አባቷም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። የኩበት ጭስ ያመጣውን ሳልና የሆድ ድርቀቱንም ያሳክሙ፤ ሁለቱም የተሠራውን ይጫኑታል። ውኃ ግን አይከልክሏት።

3. የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ደም የሚያቀጥን ካለ በራስዎ አያስቁሙ።

4. ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለ6 ሳምንት ያህል ጀሪካን አታንሣ። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ላፍላ ብላ መነሣቷ አይቀርም፤ ረከቦቱን ለጎረቤት አስረክቡ። ሽንቷ መጥቶ አልወጣ ካላት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መልሷት።